"ካሳ ተከፍሏል አለቀ" እና ሌሎች፦ ስለ ነዳጅና ጋዝ ፕሮጀክት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መስከረም 22፣ 2018 በእኛ አቆጣጠር፣ ሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ተመረቀ ተብሎ ዜናው የወጣ ቀን ማታ፣ እኛ ብሎክ ስር ያለችው ጀበና ቡና ላይ መቀመጫ አልነበረም። ኮዬ ፈጬ ነው ምኖረው፣ የከተማው ጫፍ፣ በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም በሌላ በኩል ድሮ ጤፍ የነበረ ሜዳ። አንዱ "በቃ ከዚህ በኋላ ሲሊንደር ይረክሳል" ይላል፣ ሌላው "ገና ምን አይታችሁ፣ እንደ ናይጄሪያ ነው ምንሆነው" ይላል፣ ጥግ ላይ ያለው ደሞ "እዛ አገር እኮ ሰው የለም፣ አሸዋ ነው፣ ማን ይጎዳል?" እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የመጨረሻውን ስህተት እኔ ራሴ፣ ያውም ተከፍሎኝ፣ በወረቀት ስለሰራሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ አማካሪ ድርጅት ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ ወደ ምስራቁ ቆላ ወርጄ ነበር (ካሉብ አይደለም፣ ሌላ ቦታ)፣ ቁፋሮ ሊጀመርበት የታሰበ አካባቢ ላይ የተፅዕኖ ጥናት ሚሉት ነገር፣ ውሎ አበል አለ፣ 14 ገጽ መጠይቅ አለ፣ ሞልተሽ ትመለሻለሽ። ከዛ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ባነበብኩ ቁጥር ደሞ ያቺን መጠይቅ አስታውሼ አፍራለሁ። እናም እኛ ሰፈር ማታ ማታ ሚወራውን እና እኔ የሰራሁትን ስህተት አንድ ላይ ልዘርዝረው። ዓመተ ምህረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ የፈረንጅ ናቸው።

ሲሊንደሩን ባጭሩ ላንሳው፦ የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት ሚቴን ነው፣ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዘው ፈሳሽ ሲያደርጉት መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ይቀንስና በቦቴ ይጫናል። እኛ ቤት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግን ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይረክሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

1. "ነባር ህዝብ ማለት መጀመሪያ የመጣ ማለት ነው"

ነዳጅ ሚወጣበት አካባቢ ያለው ሰው መብት ሲነሳ "ነባር ህዝብ" ሚለው ቃል መምጣቱ አይቀርም። ይሄን ክርክር አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ከጀመራችሁት ሶስተኛው ቡና ሳይደርስ ሰው ይጣላል፣ ምክንያቱም ወዲያው ወደ "ይሄ መሬት የማን ነበር" ነው ሚዞረው። ሌላው ደሞ "ኢትዮጵያ ውስጥ ሁላችንም ነባር ነን" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ነጥቡን ስተውታል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የህዝቦች መብት ኮሚሽን በ2003 በተቀበለው ሪፖርት ላይ ጥያቄውን ከ"ማን ቀድሞ መጣ" አውጥቶታል፣ ሚያየው ኑሮው ካንድ መሬት ጋር በልዩ ሁኔታ የተሳሰረ ህዝብ መሆኑን፣ ራሱን እንደዛ አድርጎ ማየቱን፣ ከአገሪቱ ፖለቲካና ልማት ዳር የቀረ መሆኑን ነው። አርብቶ አደርና አድኖ ወይም ለቅሞ አዳሪ የሆኑት በብዛት እዚህ ውስጥ ሚገቡት ለዛ ነው። መሬቱን ስትወስድበት ሚያጣው ንብረት ብቻ ሳይሆን አኗኗሩን ጭምር የሆነ ሰው ማለት ነው በአማርኛ።

2. "እዛ ሰው የለም"

መጠይቃችን ገጽ 3 ላይ "የቤቱ አባወራ ስንት ሄክታር መሬት አለው?" ሚል ጥያቄ ነበር። ለመጀመሪያው ሰውዬ በአስተርጓሚ ስጠይቀው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ከዛ አጠገቡ ያሉትን ጠርቶ ነገራቸው፣ እነሱም ሳቁ። ምን ብዬ ልሙላ? ሱፐርቫይዘራችን "ዜሮ በይ" አለኝ። ዜሮ አልኩ። በዛ ወረዳ ያነጋገርኳቸው ሰዎች በሙሉ መሬት የሌላቸው ሆነው ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ።

አርብቶ አደር መሬቱን በሄክታር አይደለም ሚያውቀው፣ በወቅት ነው። ክረምት የት፣ በጋ የት፣ ድርቅ ሲጠና ደሞ መጨረሻ ላይ ሚኬድበት ለክፉ ቀን የተቀመጠ ግጦሽ የት። ሞያተኛው መኪና ይዞ ሚሄደው መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው፣ ያኔ ሰዉ ሌላ ቦታ ነው፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርቱ ላይ "ሰው ያልሰፈረበት" ይባላል። የኬንያ ቱርካና ላይ በ2012 ሎኪቻር አካባቢ ነዳጅ ሲገኝም ወሬው ይሄው ነበር፣ በረሃ ነው ተባለ፣ ቱርካናዎች ግን ከብትና ግመል ሚያንቀሳቅሱበት አገር ነው። በ2018 ድፍድፉን በቦቴ ማጓጓዝ ሲጀመር የአካባቢው ሰው መንገድ ዘጋ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ፀጥታ ነበር፣ ዘይቱ ሲታጀብ እኛን ማን ይጠብቀናል ነው ነገሩ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የኬንያ ፔትሮሊየም ህግ ከመንግስት ድርሻ 20 በመቶ ለካውንቲው 5 በመቶ ለአካባቢው ህብረተሰብ ብሎ ቆረጠ። ሰው የለም የተባለበት ቦታ እኮ ነው።

የኛም ህገ መንግስት አንቀጽ 40 ንዑስ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም ነፃ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። በጀበና ቡናዋ ላይ ይሄን ስናገር ያመነኝ የለም፣ ስልኬ ላይ አውጥቼ ነው ያሳየኋቸው።

3. "ካሳ ተከፍሏል፣ አለቀ"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ለማየት የትም መሄድ አላስፈለገኝም።

ከኛ ብሎክ አስፋልቱን ተሻግሮ አንድ የድሮ ቤት አለ፣ አባባ ምንላቸው ሽማግሌ ይኖሩበታል። ብሎኮቹ ካረፉበት መሬት ላይ የሳቸው እርሻ ነበረበት። ካሳ ገማቾቹ ሲመጡ ሜትር ይዘው ለኩ፣ ባህር ዛፉን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ የከብት በረቱን ቆርቆሮ ቆጠሩ፣ አጥሩን ሳይቀር ቆጠሩ፣ እውነት ለመናገር ደህና አድርገው ነው የቆጠሩት። ከቤታቸው ጀርባ ዝቅ ብሎ ግን ምንጭ ነበረች። የሰፈሩ ከብት በሙሉ ሚጠጣባት፣ ሴቶቹ ልብስ ሚያጥቡባት። ፎርሙ ላይ "ባለይዞታ" ሚል ሳጥን አለ፣ ምንጯ ባለይዞታ የላትም፣ ስለዚህ መስመርም አልነበራትም። አሁን የብሎኩ ፍሳሽ ነው ሚወርድባት። አባባ ብሩን ልጆቻቸው ባጃጅ ገዙበት፣ ባጃጁም አረጀ። ሁለት ላም ቀርታቸዋለች፣ ወተት ከሳቸው ነው ምገዛው፣ የላሞቹ ውሃ ደሞ በጀሪካን ከኛ ቧንቧ ነው ሚቀዳው፣ እሱም ውሃ በመጣ ቀን።

ይሄ እንግዲህ የራሱ የሆነ ካርታ ያለው ገበሬ ላይ የሆነ ነው። ሁሉ ነገር የወል በሆነበት አገር ምን እንደሚሆን አስቡት። የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ 1161/2011 (ይሄ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የወል ይዞታንም ያነሳል፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 44 ላይ በመንግስት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ ያገኛል ይላል፣ "ኑሮው የተነካ" ሚለውን ልብ በሉ፣ መሬቱ የተወሰደ ብቻ አይልም። ችግሩ ህጉ ላይ ሳይሆን ፎርሙ ላይ ነው ሚጀምረው። ያልተጠየቀ ነገር አይቆጠርም፣ ያልተቆጠረ አይከፈልም።

ጊዜው ራሱ ደሞ የካሳው አካል ነው። ከኡጋንዳ ሆይማ እስከ ታንዛኒያ ታንጋ ወደብ ሚዘረጋው 1,443 ኪሎ ሜትር ፓይፕላይን ላይ (ዘይቱ ሰም ስለሚበዛበት እንዳይረጋ እየሞቀ ነው ሚሄደው) ንብረታቸው ተቆጥሮ ክፍያው ዓመታት የዘገየባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ከተቆጠረ በኋላ ቡና ወይም ሌላ ቋሚ ተክል ብትተክል አይታሰብልህም፣ ስለዚህ ትጠብቃለህ፣ እየጠበቅክ መሬቱ ያንተም የነሱም አይሆንም። "ተከፍሏል ወይ" ብላችሁ ስትጠይቁ "መቼ ተቆጥሮ መቼ ተከፈለ" ብላችሁ ጨምሩበት።

4. "ተወያይተናል"

ይሄ የኔው ነው፣ ልናዘዝ።

አንድ ቀን ግራር ስር ስብሰባ ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ስለ ፕሮጀክቱ አስረዳ፣ ሀያ ደቂቃ፣ ከዛ "ፕሮጀክቱን ይቀበሉታል ወይ?" ብለን የመጠይቁን ጥያቄ አነሳን። አንድ ሽማግሌ ተነሱ፣ በትራቸውን ተደግፈው ወደ አስር ደቂቃ አወሩ። እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዛ ወደ ሌላ፣ ከዛ ወደ ሌላ እየጠቆሙ፣ ጣት እየቆጠሩ። ሰዉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ሲጨርሱ አስተርጓሚያችንን አየሁት። "እሺ ብለዋል" አለኝ። እኔም "ተቀብለዋል" ሚለው ላይ ራይት አደረግኩ። አቴንዳንስ ዞረ፣ መፈረም ማይችለው በአውራ ጣት አተመ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ውሃና ብስኩት ተሰጠ። ሪፖርቱ ላይ "ከህብረተሰቡ ጋር ምክክር ተደርጓል" ሚለው መስመር ያ ነው።

በዓለም ላይ ይሄ ነገር ስም አለው፣ በነፃ፣ አስቀድሞና በቂ መረጃ ላይ ተመስርቶ ሚሰጥ ፈቃድ ይባላል፣ ሶስቱም ቃላት የግድ ናቸው። የተባበሩት መንግስታት የነባር ህዝቦች መብት መግለጫ መስከረም 2007 በ144 ድጋፍ በ4 ተቃውሞ ሲፀድቅ የተቃወሙት አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ነበሩ፣ በኋላ ሃሳባቸውን ቀይረዋል። ከዛ በፊት የወጣው የዓለም የስራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 169 ደሞ አስገዳጅ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ያፀደቀችው ግን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ብቻ ናት፣ እኛ የለንበትም።

ወረቀት ብቻ ነው እንዳትሉ፣ ፍርድ ቤት የቆመበት አለ። ኢኳዶር ውስጥ ሳራያኩ ሚባሉ የኪችዋ ህዝቦች ሳይጠየቁ ለነዳጅ ፍለጋ መሬታቸው ላይ ከ1,400 ኪሎ በላይ ፈንጂ ተቀብሮባቸው፣ ተከራክረው፣ የአሜሪካዎች አህጉራዊ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2012 ፈርዶላቸዋል። እዛው ኢኳዶር ዋኦራኒዎች በ2019 የፓስታዛ ፍርድ ቤት ሄደው በ2012 ተደረገ የተባለው ምክክር ምክክር አይባልም አስብለዋል፣ ወደ 200 ሺህ ሄክታር ሚሆን ጫካቸው ከጨረታ ዳነ። የነሱም መንግስት እኮ "ተወያይተናል" ነበር ያለው። አቴንዳንስ ሳይኖረው አይቀርም።

እና ወደ መስክ ምትወጡ ልጆች፣ አስተርጓሚው ባጭሩ ከመለሰላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ቅጂ አስቀሩ። "ባይስማሙስ ምን ይሆናል?" ሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው ምትሰበስቡት ፊርማ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

5. "ህብረተሰቡ ይፈልገዋል" ወይም "ህብረተሰቡ አይፈልገውም"

የቱ ህብረተሰብ? አላስካ ውስጥ ግዊችን ሚባሉት ህዝቦች በአርክቲክ የዱር እንስሳት መጠለያው የባህር ዳርቻ ሜዳ ላይ ቁፋሮ እንዳይጀመር ለአስርት ዓመታት ታግለዋል፣ ኑሯቸው የተመሰረተበት ካሪቡ ሚባለው የአጋዘን ዘር ሚወልደው እዛ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው። እዛው ሜዳው አጠገብ ካክቶቪክ ሚኖሩት ኢኑፒያቶች ውስጥ ግን ቁፋሮውን ሚደግፉ ብዙ ናቸው፣ ትምህርት ቤታቸውም ክሊኒካቸውም በነዳጅ ታክስ ነው የቆመው። ሁለቱም ነባር ህዝቦች ናቸው። ማን ልክ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ማን ምን እንደሚያጣ ለዩ።

ባንድ መንደር ውስጥም ያው ነው። ሴት በመሆኔ ሴቶቹ ጋ የላኩኝ አንድ ከሰዓት ነበር፣ ከግራሩ ስር የሰማሁት አንዱም አልተነሳም። እነሱ ያወሩኝ ካምፑ ከመጣ ወዲህ ለማገዶ ብቻችንን አንሄድም ነው፣ የማያውቁት ወንድ በዝቷል፣ መኪናው ሚያስነሳው አቧራም ወተቱ ላይ ያርፋል። መጠይቁ ላይ ይሄን ሚቀበል ቦታ ስላጣሁ "ሌላ" ሚለው ውስጥ በእጅ ፅሁፍ አጨናንቄ ከተትኩት። ዳታ ኢንትሪ ላይ "ሌላ" አይገባም።

6. "ካልፈነዳ ካልፈሰሰ ምን ችግር አለው"

ሁላችንም በአይነ ህሊናችን ያለው ጥቁር ዘይት የለበሰ ወፍ ነው። አብዛኛው ጉዳት ግን ቪዲዮ አይሆንም። ድፍድፍ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፣ ጨው፣ ብረታ ብረትና ሌላም ነገር ያለበት ውሃ አብሮት ይወጣል፣ ጉድጓዱ ሲያረጅ ከዘይቱ ውሃው ይበልጣል። ያ ውሃ ወይ ተመልሶ መሬት ውስጥ ይገፋል (ወጪ አለው) ወይ እንዲሁ ይለቀቃል። ፔሩ አማዞን ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲሁ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ነው የኖረው፣ የአቹዋር ህዝቦች በ2006 የነዳጅ ጣቢያዎቹን ዘግተው ሲቀመጡ ነው ተመልሶ መሬት ውስጥ እንዲገባ ስምምነት የተፈረመው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ምንም "አልፈነዳም" ነበር።

ካናዳ አልበርታ ደሞ ከርል ሚባለው የዘይት አሸዋ ማዕድን ማውጫ ላይ የዝቃጭ ፍሳሽ ሲሰርግ ኩባንያው ያየው ግንቦት 2022 ላይ ነው፣ ታች ያሉት የአታባስካ ቺፔዋያንና የሚኪሰው ክሪ ሰዎች ነገሩን በደንብ የሰሙት ግን በየካቲት 2023 ሌላ 5.3 ሚሊዮን ሊትር ከገንዳ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ። በመሀል ባሉት ወራት ሲያድኑና ዓሳ ሲያጠምዱ ነበር። ካናዳ ነው ይሄ እንግዲህ፣ መቆጣጠሪያ መስሪያ ቤት ያለበት አገር።

ሌላው ማይታይ ነገር መንገድ ነው። ቁፋሮ ሲመጣ መንገድ ይመጣል፣ መንገድ ሲመጣ ከሰል አክሳይ፣ ነጋዴ፣ ሰፋሪ፣ ወታደር ይመጣል። ሚያዝያ 1999 በእኛ አቆጣጠር ሶማሌ ክልል አቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈፀመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያዊያንና 9 ቻይናዊያን ተገድለዋል። ነዳጅ ያለበት ቦታ ዘበኛው ይበዛል፣ ዘበኛ በበዛበት ደሞ ከብት እንደልብ አይነዳም።

7. "ካልተገኘ ምንም አልተነካም"

ደቡብ ኦሞ በ2013 ሳቢሳ ሚባል የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሚያዋጣ ነገር አልተገኘም፣ ከዛ ሌሎችም ተቆፍረው ኩባንያው ሄደ። ዜናው እዛ ጋ አለቀ። ፍለጋ ግን ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ የሳይዝሚክ መስመር (ከመሬት በታች ያለውን ለማጥናት ሚጠረገው) ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ካምፕ ይተከላል፣ ወጣቱ ለሁለት ወር ተቀጥሮ ከብት ጥበቃውን ይተዋል፣ ከዛ ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ይነሳል። የጠበቁት ሳይመጣ የነበራቸው መበላሸቱን ማንም አይፅፈውም።

8. "ኩባንያው ከወጣ ይፀዳል፣ ፍርድ ቤት ከረቱም ይካሳሉ"

ኦጎኒ፣ ናይጄሪያ። ነዳጅ መውጣት የጀመረው በ1958 ነው፣ ህዝቡ በጃንዋሪ 1993 በመቶ ሺዎች ወጣ፣ ሼል በዛው ዓመት ማምረት አቆመ፣ የትግሉ መሪ ፀሐፊው ኬን ሳሮ ዊዋና ስምንት ጓዶቹ በህዳር 1995 ተሰቀሉ። እሺ፣ ኩባንያው ካቆመ 18 ዓመት በኋላ በ2011 የተባበሩት መንግስታት የአካባቢ ፕሮግራም ሄዶ ሲለካ ሰው ሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዚን ሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (የመኪናው ቤንዚን አይደለም፣ ስሙ ነው ሚመሳሰለው) የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው ከ900 ጊዜ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ማፅዳቱም ከ25 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል ተባለ።

ፍርዱንስ? የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ ቴክሳኮ ከኢኳዶር አማዞን በ1992 ወጣ፣ ሰዎቹ በ1993 ከሰሱ፣ የኢኳዶር ፍርድ ቤት በመጨረሻ 9.5 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ። ከዛ የአሜሪካ ዳኛ በ2014 ፍርዱ በማጭበርበር የተገኘ ነው አለ፣ የሄግ የግልግል ችሎትም በ2018 ለኩባንያው ወሰነ። ዘይት ያለባቸው ኩሬዎች እስካሁን እዛው ናቸው። ማን ጥፋተኛ ነው ሚለውን ለጠበቆች ተዉት፣ እዛ ያሉት የኮፋንና የሲኮፓይ ህዝቦች ልጆች ግን በዚህ መሀል አድገው ወልደዋል።

"እንደ ናይጄሪያ ነው ምንሆነው" ላለውም ልጅ፣ "እንደ ኖርዌይ" ሚል ቢኖርም፣ መልሴ ያው ነው፦ እኛ ጋ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በንጉሱ ዘመን መጨረሻ ነው፣ አሜሪካ መጣ ሄደ፣ ሶቪየት መጣ ሄደ፣ ቻይና መጣ፣ ውሉ ተቀደደ፣ እንደገና መጣ። የራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው፣ በሌላ አገር ስም መጥራት አያስፈልገውም።

ስራ ይፈጠራል ሚለውን ዘለልኩት መሰለኝ። ይፈጠራል፣ ግንባታው ላይ ነው ብዙው፣ ከዛ ሚቀረው ዘበኝነት ነው። አባባንም ብሎኮቹ ሲሰሩ ዘበኛ አድርገዋቸው ነበር፣ ስምንት ወር፣ የገዛ ጤፍ መሬታቸውን።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃ መጥቶ ጀሪካናቸውን ሞልቼ ሳወርድላቸው "ልጄ፣ ያ ጋዝ ወጣ የተባለበት አገር፣ ሄጃለሁ ያልሽው፣ ከብቱ ውሃ ሚጠጣው የት ነው?" አሉኝ። የሄድኩት ካሉብ እንዳልሆነ ብነግራቸውም ለሳቸው ሁሉም ያው ቆላ ነው።

"አባባ እዛ ግመል ነው ሚበዛው" አልኳቸው።

"ግመልስ ቢሆን አይጠጣም እንዴ?"

14 ገጽ ውስጥ አልነበረም። ቤት ገብቼ አስተርጓሚያችን ጋ ደወልኩ፣ አሁን ጅግጅጋ ነው ሚሰራው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያወራነው፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ ጠየቅኩት። ሳቀ።

"ያን ቀን ሽማግሌው ግራሩ ስር ምን ሲሉ የነበረ መሰለሽ?" አለኝ። "ብርካዎቹን፣ የውሃ ማጠራቀሚያዎቹን፣ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ነበር እኮ።"